ኒም የምትሉት ዛፍ በእርግጥ ኒም ነው?

የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ሰላም ዶክተር። የምኖረው ዱባይ ነው። ጎረቤቴ ሕንዳዊት ናት። አንድ ጠርሙስ የኒም ዘይትና አንድ እሽግ የኒም ቅጠል ዱቄት ሰጠችኝ። ለስኳር፣ ለቆዳ፣ ለሆድ ትል፣ ለሁሉም ይሆናል ብላኛለች። እናቴ አዳማ ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። የ4 ዓመት ልጄም እሳቸው ጋ ነው። ሰውነቱን ያሳክከዋል፣ ሆዱንም ያመዋል። ዘይቱንና ዱቄቱን ልላክላቸው? ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ኒም የሚሉት ትልቅ ዛፍ አለ። ከሱ ቀጥፈው ቢጠቀሙስ?»

እህቴ፣ ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ዕፅዋትና መድኃኒት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው ብዙ ጊዜዬን ያጠፋሁት። መልሴን ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ምክንያቱም የልጅሽ ነገር የሚያሳስበኝ እዚያ ጋ ነው።

አገራችን ውስጥ ሰው «ኒም» እያለ የሚጠራቸው ሁለት ዛፎች አሉ። አንደኛው ጎረቤትሽ የምታውቀው የሕንዱ ኒም ነው። ሁለተኛው የሥጋ ዘመዱ ሲሆን በሳይንሳዊ ስሙ ሜሊያ አዜዳራክ ይባላል። ሁለቱም ቅጠላቸው ይመራል። ሁለቱም ጥላቸው ጥሩ ነው። ሁለቱም ፍሬያቸው ሲበስል ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ችግኝ ሻጩም ጎረቤቱም «ኒም» ብሎ ይገላገላል። የሜሊያ ፍሬ ግን መርዝ ነው። አሳማና ውሻ ገድሏል። ሰው ሲበላው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሲብስ ነርቭ ድረስ ይሄዳል። ለ4 ዓመት ልጅ ደግሞ መሬት ላይ የወደቀ ቢጫ ድብልብል ፍሬ ማለት ከረሜላ ማለት ነው።

በስሙ መምታታት ማንንም አልወቅስም። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አምታተውታል። የዕፅዋት ስም አውጪው ስዊድናዊ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ኒምን የመደበው ከሜሊያ ጋር በአንድ ወገን ነበር። ለብቻው ያወጣው ፈረንሳዊው ዡስዩ ነው፤ በ1830። የሁለቱም ሳይንሳዊ ስም የመጣው ከአንድ የፋርስ ቃል ነው፤ «አዛድ ዲራኽት»፣ ነፃ ዛፍ ማለት ነው። ወንድማማቾች አንድ ስም ለብሰው ሲዞሩ ማን ይለያቸዋል?

አንቺ ግን ትለያቸዋለሽ። እናትሽ አንድ ቅጠል ይቁረጡ። ቅጠል ስል ያቺን ትንሿን ብቻ አይደለም፤ ከቅርንጫፉ ከተያያዘችበት ጀምሮ ሙሉውን ዘንግ ነው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይዩት። እውነተኛው ኒም አንድ ዘንግ ብቻ አለው። ትናንሾቹ ቅጠሎች ግራና ቀኝ እንደ ላባ ተሰልፈውበታል። እያንዳንዷ ቅጠል እንደ ማጭድ ጎበጥ ትላለች፤ ጠርዟ መጋዝ ይመስላል። ሜሊያ ከሆነ ዘንጉ ራሱ ግራና ቀኝ ሌላ ዘንግ ያወጣል፤ ቅጠሎቹ ያሉት በእነዚያ ላይ ነው። አንዴ ካየሽው አይረሳም።

ያበበ እንደሆነ ሥራው ይቀላል። የኒም አበባ ነጭ ነው፤ የሜሊያ ሐምራዊ ነው። የኒም ፍሬ እንደ ትንሽ ወይራ ሞላላ ነው፤ ሲበስል ይረግፋል፤ ዘሩም ለስላሳ ነው። የሜሊያ ፍሬ ድብልብል ነው። ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ራቁቱን ሲቀር እንኳ ፍሬው ተጨማዶ ለወራት እንደ ተንጠለጠለ ይቆያል። ፍሬዋን ስትፈለፍያት ሸንተረር ሸንተረር ያላት ደረቅ ዘር ታገኛለሽ። መሐሏ መበሳት ስለሚቀናት በብዙ አገር መቁጠሪያ ይሠሩባታል።

ሌላው ፍንጭ ከፍታው ነው። ኒም የቆላ ልጅ ነው፤ ብርድ አይችልም። ድሬዳዋ፣ አፋር፣ ጎዴ ቢሉኝ አምናለሁ። አዲስ አበባ ግቢዬ ውስጥ ኒም አለ የሚለኝ ሰው ግን ሜሊያ ነው ያለው ብዬ እወራረዳለሁ። አዳማ መሐል ላይ ናት፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅጠሉ እስኪታይ ድረስ ከግቢው ዛፍ ምንም እንዳይቀጠፍ።

አሁን ወደ ሕንዱ ኒም እንምጣ። ጎረቤትሽ «ለሁሉም ይሆናል» ማለቷ ቀልድ እንዳይመስልሽ። እሷ የምታወራው ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰችውን ነው። በሳንስክሪት ስሙ «ኒምባ» ነው፤ ቻራካና ሱሽሩታ የሚባሉት ጥንታዊ የአዩርቬዳ፣ ማለትም የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ መጻሕፍት ያነሱታል። ቅጽል ስሙ «ሳርቫ ሮጋ ኒቫሪኒ» ነው፤ የደዌ ሁሉ አባራሪ እንደ ማለት። ምሥራቅ አፍሪካ ሲደርስም ዝናውን ይዞ ነው የመጣው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች «ምዋሮባይኒ» ይሉታል፤ አርባ ከሚለው ቃል ነው፤ አርባ በሽታ ያድናል ለማለት። እኛ «ኮሶ» እና «እንቆቆ» ስንል የሚሰማን እምነት አለ አይደል? እነሱም እንደዚያው።

በሰሜን ሕንድ ፈንጣጣ ታመጣለች፣ ታድናለችም የምትባል ሺታላ የምትሰኝ አምላክ አለቻቸው። በሽተኛ ያለበት ቤት በር ላይ የኒም ቅጠል ይሰቀል ነበር። በሽተኛውም ቅጠሉ ላይ ይተኛ ነበር። በደቡብ ደግሞ ኡጋዲ በሚሉት ዘመን መለወጫቸው፣ በካርናታካና በአንድራ አካባቢ፣ የኒም አበባ ከጥቁር ስኳር ጋር ይበላሉ። የሚመጣው ዓመት መራራም ጣፋጭም ነው፣ ሁለቱንም ዋጥ ነው ነገሩ። ይህን ልማድ በጣም እወደዋለሁ።

ስለ መራራነቱ ካነሳን፣ እኔም አንዴ ድሬዳዋ አንድ ቅጠል አኝኬ አይቻለሁ። ኮሶ ስልሽ ኮሶ! ውሃ ጠጣሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ሳምቡሳ በላሁ። እስከ ማታ ምላሴ ላይ ነበር። ሕንዶች ነገር በነገር ላይ ሲብስ «ካሬላው አንሶ ኒም ላይ ወጣ» ይላሉ። ካሬላ እነሱ ዘንድ የታወቀ መራራ አትክልት ነው። የተረቱት ቀምሰው ነው፤ ገባኝ።

አንቺን የሚያሳስብሽ ግን ጠርሙሱ ነው። ስለ ዘይቱ አንድ ቃል አጥብቄ ልናገር፦ ልጁ እንዳይጠጣው። በማንኪያ አይደለም፣ በጠብታም አይደለም፣ ከማር ጋር ተቀላቅሎም አይደለም።

ዘይቱ የሚጨመቀው ከዘሩ ነው። ቅጠሉ ሌላ፣ ዘሩ ሌላ። ኃይለኛዎቹ ንጥረ ነገሮች ተጠራቅመው ያሉት ዘሩ ውስጥ ነው። ከሕንድና ከማሌዥያ ለጉንፋንና ለትንንሽ ሕመም ተብሎ ይህ ዘይት የተሰጣቸው ሕፃናት ታሪክ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1981 የማሌዥያ ሐኪሞች በላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ አውጥተውታል። ልጆቹ በሰዓታት ውስጥ ማስመለስ ጀመሩ፣ ድብን ብለው ተኙ፣ ትንፋሻቸው ፈጠነ፣ ከዚያ ሰውነታቸው መንቀጥቀጥ መጣ። ጉዳቱ ጉበትና አንጎል ላይ የሚወድቅ ነው፤ ሐኪሞች ሬይ ሲንድረም ከሚሉት ጋር ይመሳሰላል። የሰጡት እናቶች ክፉ አልነበሩም። ልክ እንደ አንቺ ልጃቸው እንዲድን የፈለጉ ነበሩ።

ምናልባት ሳይታወቅ ቢጠጣ በግድ አታስመልሱት። ዘይት ወደ ሳንባ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ጠርሙሱን ይዛችሁ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

የሆዱን ሕመም በተመለከተ፣ ጤና ጣቢያ ወስደው ሰገራ ያስመርምሩት። ትል ከሆነ አልቤንዳዞል አለ፤ ርካሽ ነው፣ ልኩም በዕድሜ የታወቀ ነው። ጃርዲያ ወይም አሜባ ከሆነ ግን አንዷ የአልቤንዳዞል ክኒን አትበቃውም፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ለዚህ ነው ምርመራው የሚቀድመው። ኮሶን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ኮሶ ትል ይገድላል፤ ልኩ ሲያልፍ ደግሞ ዓይን ይጎዳል። የአያቶቻችን ችግር መድኃኒት ማጣት አልነበረም፤ ልኩን ማጣት ነበር።

የሚያሳክከው ነገር ሌላ ነው። እዚህ ላይ ኒም የሚያስከብረው ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የደቡብ ሕንድ ጥናት አለ። 814 እከክ የያዛቸው ሰዎች የኒም ቅጠልና እርድ አብሮ ተፈጭቶ ተቀቡ። 97 ከመቶው ከ3 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ዳኑ ይላል። ቁጥሩ ደስ ይላል። ግን ሌላ መድኃኒት ከተቀባ ቡድን ጋር አልተወዳደረም፤ የሙከራ ጥናት ነው። ደግሞም የተቀቡት ቅጠል እንጂ ዘይት አልነበረም።

የልጅሽ ማሳከክ እከክ ይሁን፣ አለርጂ ይሁን፣ ጭርት ይሁን አላውቅም። ሌሊት የሚብስበት ከሆነ፣ በጣቶቹ መሐልና በብብቱ ሽፍታ ካለ፣ ቤት ውስጥ ሌላም ሰው የሚያክ ካለ እከክ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እንደዚያ ከሆነ ፋርማሲ ውስጥ ፐርሜትሪን ወይም የሰልፈር ቅባት አለ። ቁም ነገሩ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን መቀባቱ ነው። ልብሱና አንሶላውም በሙቅ ውሃ ይታጠብ። እሱን ብቻ ቀብታችሁ አያቱን ከተዋችኋቸው በሳምንቱ ይመለስበታል።

ዘይቱን ራስሽ ላይ ልትሞክሪው ከፈለግሽ መጀመሪያ ጠርሙሱን አንብቢ። ለዕፅዋት መርጫ የሚሸጥም የኒም ዘይት አለ፤ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ነው፤ እሱ ሰውነት አይነካም። ለቆዳ የተሠራ ከሆነ ጥቂቱን በኮኮናት ዘይት አቅጥኚና ክንድሽ ላይ ትንሽ ቀብተሽ አንድ ቀን ጠብቂ። ካላቀላ፣ ካላቃጠለ፣ ለፎረፎር ሞክሪው። ሽታው ግን! ነጭ ሽንኩርት ከክብሪት ጋር የተቃጠለ ነው የሚመስለው። ባል ካለሽ አስጠንቅቂው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ለመውለድ እያሰብሽ ከሆነ ደግሞ በአፍ የሚወሰድ ማንኛውንም ኒም ተዪው። ዘይቱ የወንድ ዘር እንደሚገድል በላብራቶሪ ታይቷል፤ በእንስሳት ሙከራም ፅንስ አጨናግፏል። ሕንድ ውስጥ እርግዝና መከላከያ ሊያደርጉት ያጠኑት ለዚህ ነው።

እናትሽ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ኒም ስኳር ላይ ምንም አይሠራም ብል እዋሻለሁና። እ.ኤ.አ. በ2020 ከሃይደራባድ የወጣ ጥናት አለ። ሜትፎርሚን የሚወስዱ 80 ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ የኒም ቅጠልና ቀንበጥ ጭማቂ በክኒን መልክ፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ12 ሳምንት ጨመሩ። የቀሩት የማስመሰያ ክኒን ዋጡ። ኒም የወሰዱት ከምግብ በኋላ ያለው ስኳራቸው ወረደ፤ የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው ልኬትም ወረደ።

ታዲያ ለምን አትላኪ እላለሁ? አንደኛ፣ እነዚያ ሰዎች የዋጡት በሚሊግራም የተለካ፣ ፋብሪካ የወጣ ነገር ነው። አንቺ ጋ ያለው ዱቄት ነው። አንድ ማንኪያ ስንት ነው? የቡና ማንኪያ? የሾርባ? የዘንድሮው ቅጠል ከአምናው እኩል ነው? ማንም አያውቅም። ሁለተኛውና ዋናው ግሊቤንክላማይድ ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች አይጥልም ማለት ይቻላል። ግሊቤንክላማይድ ግን ይጥላል። ሰውየው ምሳ ቢያዘገይ፣ ቢጾም፣ ኩላሊቱ ቢደክም ይጥለዋል። በዚያ ላይ ሌላ ስኳር የሚያወርድ ነገር ስትጨምሪ አስቢው።

አንድ ጊዜ ፋርማሲው ደጃፍ ላይ አንዲት እናት ተዝለፍልፈው ተቀመጡ። ላብ በላብ ሆነዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስማቸውን ስጠይቃቸው ሌላ ነገር ይመልሳሉ። ስኳራቸው እስከ 41 ወርዶ ነበር። ለካ ልጃቸው «የተፈጥሮ ነው» ብላ የቅጠል ጭማቂ ሳምንት ሙሉ እያጠጣቻቸው ኖሯል። መድኃኒታቸውንም አላቆሙም። ጾም ላይም ናቸው። የስኳር ውሃ ጠጥተው ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳቁብን። ሌሊት ተኝተው ቢሆን ኖሮ ማን ያያቸው ነበር?

ዱቄቱ ላይ ሌላም ስጋት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ አሜሪካ ውስጥ ቦስተን አካባቢ ካሉ የእስያ ሱቆች 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ተገዝተው ተመረመሩ። 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ነበረባቸው። አንዳንድ የአዩርቬዳ መድኃኒት ሆን ተብሎ እንዲህ ያለ ብረታ ብረት ስለሚገባበት ነው የባሰው፤ ንጹሕ የቅጠል ዱቄት ከዚያ ይሻላል። ግን እሽጉ ላይ አምራቹ፣ ቀኑና ቁጥሩ ከሌለ እኔ ለእናቴ አልሰጥም።

እናትሽ ስኳራቸው አልወርድ ብሎ ከሆነ ያሰብሽው፣ የሦስት ወሩን ልኬት ያሠሩና ሐኪማቸው መድኃኒቱን ያስተካክል። ኒሙን መሞከር አለብን ካላችሁም ለሐኪሙ ነግራችሁ፣ የስኳር መለኪያ ቤት ውስጥ ኖሮ ይሁን። ከላክሽ አይቀር መለኪያውን ከነወረቀቱ ላኪላቸው፤ እሱ ነው የሚጠቅማቸው።

ኒምን አጣጣልኩት እንዳትዪኝ። ጥርስ ላይ ይመሰገናል። ሕንዶች ቀንበጡን አኝከው ጥርሳቸውን ይፍቁበታል፤ የኛው መፋቂያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የ36 ሰዎች ሙከራ ላይ የኒም ቅጠል ያለበት ጄል ለ6 ሳምንት ተሞክሮ የጥርስ ቆሻሻን ደህና አድርጎ ቀንሷል። 36 ሰው ትንሽ ነው። ሆኖም ጎረቤትሽ ቀንበጥ ቆርጣ ብትሰጥሽ ፍቂበት፤ ተፊው እንጂ አትዋጪው።

በእውነት የነገሠው ግን ነፍሳት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ አንበጣ ወረደ። ሽሙተረር የሚባል ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ እዚያ ነበር። አንበጣው ያለውን ሁሉ አርግፎ ሲሄድ የኒም ዛፎች ከነቅጠላቸው ቆመው ቀሩ። ምክንያቱ ኒም ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ በ1968 ተለይቶ ወጣ። ነፍሳቱን በአንዴ አይገድልም። የቀመሰው መብላት ያስጠላዋል፤ ትል ከሆነም ቆዳውን ቀይሮ እንዳያድግ ያደርገዋል። ሞለኪዩሉ እጅግ ውስብስብ ስለሆነ ካምብሪጅ ውስጥ የስቲቨን ሌይ ቡድን በላብራቶሪ ለመሥራት 22 ዓመት ፈጅቶበት በ2007 ተሳካለት። ዛፉ በየዓመቱ በነፃ ያፈራዋል።

በዚህ ነው የምዕራቡ ኩባንያ ዓይን የጣለበት። የአውሮፓ የፓተንት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1994 የኒም ዘይትን ለፈንገስ መከላከያ የማዋል መብት ለአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትና ለደብሊው አር ግሬስ ኩባንያ ሰጠ። ሕንዳዊቷ የአካባቢ ተሟጋች ቫንዳና ሺቫና ጓደኞቿ የሕንድ ገበሬ ይህን ድሮም ያውቀዋል ብለው ተሟገቱ። በ2000 ተሰረዘ፤ ይግባኙም በ2005 ወደቀ። እኛም በጤፍ ቀምሰናታል፤ የሆላንዱ ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት የወደቀው በ2018 ነው።

እንግዲህ ዘይቱን ለራስሽ ያዢው፤ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ዱቄቱን ለጎረቤትሽ በምስጋና መልሺላት፤ አትቀየምሽም። ከእናትሽ ግቢ ደግሞ ያንን ሙሉ ቅጠል ከነዘንጉ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው ፎቶ ያንሱት፤ አበባ ወይም ፍሬ ካለውም አብሮ ይነሳ። ፎቶው ሲደርስሽ ላኪልኝ፣ አይቼ እነግርሻለሁ። ዘንጉ ሌላ ዘንግ ያወጣ መሆኑ ከታየሽ ግን እኔን አትጠብቂ። በዚያው ስልክ ደውለሽ መሬት ላይ የወደቀው ፍሬ ተጠርጎ እንዲቃጠል ንገሪያቸው፤ ልጁ ከእንቅልፉ ሳይነሳ።